የአንደኛ ክፍል ዓመትና የወላጆች ድርሻ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በአዳማ ከተማ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ሲጠባበቁ ማየት የተለመደ ነው። አብዛኞቹ በቅድሚያ የሚጠይቁት ቦታ መኖር አለመኖሩን ነው። ልጃቸው በየትኛው ቋንቋ ፊደል እንደሚቆጥር፣ በየትኛው ፈረቃ እንደሚማርና ዓመቱ ሲጠናቀቅ ምን ማንበብ እንደሚገባው የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የልጁን ቀጣይ የትምህርት ጉዞ በእጅጉ የሚወስኑት ደግሞ እነዚሁ ሳይጠየቁ የሚታለፉ ጉዳዮች ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. በትምህርት ሚኒስቴርና በአጋሮቹ ትብብር በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ክህሎት ምዘና እንዳመለከተው፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከሦስት አንዱ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። አፋን ኦሮሞና አማርኛ ምዘናው ከተካሄደባቸው ቋንቋዎች መካከል ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ የአንደኛ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት በአዲስ መልክ እንዲዘጋጁና መምህራን በንባብ ማስተማር ዘዴ ላይ እንዲሠለጥኑ መደረጉ ይታወሳል። ምዘናው ለወላጅ የሚሰጠው ትምህርት ግን አሁንም አልተለወጠም። ልጆቹ አንደኛ ክፍልን አልፈዋል፤ የውጤት ካርዳቸውም «ተዛውሯል» ይላል፤ ማንበብ ግን አልቻሉም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የዝውውር አሠራሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ለዓመታት በሥራ ላይ የቆየው አሠራር በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያሉ ሕፃናት በተከታታይ ምዘና እየታገዙ በአብዛኛው ያለመውደቅ እንዲዛወሩ የሚያደርግ ነበር። ዓላማው ሕፃኑ ገና በሰባት ዓመቱ «ወዳቂ» ተብሎ ከትምህርት እንዳይርቅ ማድረግ በመሆኑ ተገቢነት ነበረው። ምዘናው በአግባቡ በማይካሄድበት ክፍል ውስጥ ግን ዝውውሩ የልጁን ድክመት ይሸፍናል። በመሆኑም ካርድ ላይ የሚሰፍር ደረጃ ለወላጅ በቂ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ዕድሜና ዝግጅት

የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ ሰባት ዓመት ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስድስት ዓመት ሲያደርግ፣ ከዚያ በፊት የሚሰጠው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁለት ዓመት እንዲሆን ደንግጓል። በከተሞች ግን ልጅን በአምስት ወይም በስድስት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ለማስገባት መጣደፍ ይስተዋላል። በተለይ የመንግሥት ሠራተኛ ወላጆች ልጁን ቤት የሚጠብቅ ሰው ባለማግኘት ይህን ያደርጋሉ፤ ችግሩም የሚገባ ነው። ሆኖም እርሳስ በወጉ ለመያዝ ጣቱ ያልጠነከረ ሕፃን ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ተቀምጦ ወደኋላ ሲቀር ራሱን እንደ ሰነፍ መቁጠር ይጀምራል።

ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቀደም ሲል በግል መዋዕለ ሕፃናት ብቻ የሚገኝ የባለገንዘብ ዕድል ነበር። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ኦ ክፍል» መከፈቱ፣ በኋላም በኦሮሚያ «ቡኡረ ቦሩ» በሚል የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየቀበሌው መስፋፋታቸው ሁኔታውን ለውጦታል። ወላጅ ከዚህ ደረጃ የሚጠብቀው ልጁ ፊደል ጨርሶ እንዲመጣ ሊሆን አይገባም። ተራ መጠበቅን፣ በመምህር ቃል መንቀሳቀስን፣ የቃልን የመጀመሪያ ድምፅ ለይቶ መስማትን ከተለማመደ በቂ ነው።

የዕድሜ ማረጋገጫን በሚመለከት፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የምዝገባ ሥራው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ በአሁኑ ወቅት ወደ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ሕፃናት ሁሉ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ናቸው። ያላስመዘገበ ወላጅ ጉዳዩን ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሳምንት ባያቆየው ይመረጣል።

ሁለት ፊደል፣ ሦስት ቋንቋ

የአዳማን ወላጅ ከሌሎች አካባቢዎች ወላጆች የሚለየው ዋነኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ከተማዋ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ዜጎች የሚኖሩባት፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚነገሩባት ናት። በ1992 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ወደ አዳማ ተዛውሮ በ1997 ዓ.ም. ወደ ፊንፊኔ መመለሱ የሚታወስ ሲሆን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከቦታ ቦታ መዘዋወርም ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። የክልሉ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ እንደ አዳማ ባሉ ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ።

አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ላይ በተመሠረተው ቁቤ ነው። እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። በዚህም ምክንያት በአፋን ኦሮሞ የሚማር ሕፃን በአንድ ዓይነት ቅርፅ የሚጻፉ፣ ድምፃቸው ግን የተለያየ ፊደላትን በአንድ ዓመት ውስጥ ይማራል። እንግሊዝኛ «ኤክስ» የሚላት ፊደል በቁቤ የ«ጥ»ን ድምፅ ትወክላለች፤ «ሲ» የምትባለው ደግሞ የ«ጭ»ን። ቁቤን የማያውቅ ወላጅ ማታ ልጁን ሲያስጠና በእንግሊዝኛ አጠራር እያረመ ትክክል የነበረውን ያበላሽበታል። ይህ ከስንፍና ሳይሆን ከቅንነት የሚመጣ ስሕተት በመሆኑ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል።

የአናባቢ ርዝመትም እንዲሁ ነው። በአፋን ኦሮሞ «መሬት» የሚለው ቃልና «ለስላሳ» የሚለው ቃል የሚለያዩት አናባቢዎቻቸው በማጠርና በመርዘም ብቻ ሲሆን፣ በጽሑፍ የሚረዝመው አናባቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ልጁ ፊደል ሲደግም «ተሳስተሃል፤ አንዷን ሰርዝ» ማለት አይገባም።

በአማርኛ የሚማረው ሕፃን የሚገጥመው ፈተና ደግሞ የፊደሉ ብዛት ነው። ሠላሳ ሦስቱ ዋና ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርፅ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ሲወርድ የሚሰማ ወላጅ ፊደል ለየ ብሎ ይደሰታል። የቀድሞዎቹ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ግን በዚህ አይታለሉም ነበር። ተማሪው «ሀ ሁ»ን ከወጣ በኋላ የፊደላቱ ቅደም ተከተል በሚቀያየርበት በ«አቡጊዳ» ያልፍ የነበረው፣ በቃሉ የሸመደደውንና በዓይኑ የለየውን ለመለየት ነበር። የዛሬ ወላጅም ከገጹ መካከል አንዲት ፊደል በጣቱ አመልክቶ «ይቺ ማን ናት?» ብሎ በመጠየቅ ያንኑ ሊያደርግ ይችላል።

የትኛው ቋንቋ ይመረጥ ለሚለው ጥያቄ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምላሽ ሕፃኑ በሚገባ በሚናገረው ቋንቋ ማንበብ ቢጀምር የተሻለ ነው የሚል ነው። ምክንያቱም ፊደሎቹን አገጣጥሞ ሲያነብ የሚያገኘው ቃል አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀው ይሆናል። በቤቱ አማርኛ የሚናገር፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ግን በአፋን ኦሮሞ የሚጫወት ሕፃን በሁለቱም ሊማር ይችላል። ወላጅ ሊገነዘበው የሚገባው ምርጫው የአንድ ዓመት ጉዳይ አለመሆኑን ነው። በኦሮሚያ በአፋን ኦሮሞ የማስተማሩ ሥራ እስከ ስምንተኛ ክፍል የዘለቀ በመሆኑ፣ አንደኛ ክፍል ላይ የተጀመረውን በሦስተኛ ክፍል ለመቀየር መሞከር ልጁን እንደገና ፊደል ያስቆጥረዋል። የአንዳንድ ወላጆች መለኪያ ግን ከሁለቱም የራቀ ነው፤ ልጁ እንግሊዝኛ ቃላት ስለደረደረ ብቻ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ይላሉ። በየትኛውም ቋንቋ ሦስት መስመር አንብቦ የተረዳውን መናገር የማይችል ሕፃን የቀለማትን ስም በእንግሊዝኛ ማወቁ የሚያኮራ አይደለም።

የንባብ ክትትል ከኅዳር በፊት

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ለወላጅ የሚደርሰው ጥር ወይም የካቲት ላይ ነው። ይህ ለንባብ ዘግይቷል። መስከረም ላይ የተጀመረ የፊደል ትምህርት እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ ካልተያዘ ክፍሉ ወደ ቃላትና ዓረፍተ ነገር ሲሻገር ልጁ ወደኋላ ይቀራል። የአገሪቱ መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢሆንም ብዙ የከተማ ክፍሎች ከዚህ በላይ ይይዛሉ። በዚህ ቁጥር ውስጥ አንድ መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ በየቀኑ መስማት አይቻለውም። የጎደለውን ሊሞላ የሚችለው በቤት ውስጥ በየምሽቱ የሚሰጥ የአሥር ወይም የአሥራ አምስት ደቂቃ ጊዜ ነው።

ወላጁ ራሱ ባያነብም ጥቅሙ አይቀርም። ልጁ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ማድረግ፣ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ ቃሉን ማስነበብ፣ ምንባቡን ከታች ወደ ላይ ማስነበብና በመጨረሻም «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሳይመለከት የሚያነበንብ ልጅ በዚህ ይለያል። ታላቅ እኅት ወይም ወንድም ካለ ደግሞ ሥራው ይቀላል።

በቅርብ ተቀምጦ ብቻ የሚያነብ፣ ሲጠራ ቶሎ የማይሰማ ወይም ጆሮው በተደጋጋሚ የሚመግል ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል። ለክፍል መምህሩ ነግሮ ከፊት እንዲቀመጥ ማድረግም ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ሕፃናት ትምህርት የሚያቋርጡትም በብዛት በዚሁ ዓመት ነው። የሚኒስቴሩ ዓመታዊ መረጃዎች ለረጅም ጊዜ ሲያሳዩ እንደቆዩት ከፍተኛው የማቋረጥ መጠን የሚመዘገበው በአንደኛ ክፍል ሲሆን፣ ከአምስት ሕፃናት አንዱ ገደማ ያቋረጠባቸው ዓመታት ነበሩ። «ሆዴን አመመኝ» ማለት የሚያበዛ ልጅ አንዳንዴ የሚሸሸው ዱላን ነው። የኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው የደነገገ በመሆኑ፣ ወላጅ «መምህሩ ቢመታው ለራሱ ነው» ብሎ ሊያልፈው የሚገባ ጉዳይ አይደለም።

ውሃ፣ ወባና መንገድ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚያድግ ሕፃን አንደኛ ክፍል የሚገባው የወተት ጥርሱን በሚቀይርበት ጊዜ ነው። አዲስ የበቀሉት የፊት ጥርሶች ቡናማ ሆነው ሲወጡ ወላጅ ጥርሱን ባለመፋቁ ይቆጣዋል፤ ጓደኞቹም ይሳለቁበታል። መንስኤው ግን ብዙውን ጊዜ ውሃው ነው። በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚያልፈው የአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ያለው ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ ሸዋ ስኳር ልማት አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ለረጅም ዓመታት በጠጡ ነዋሪዎች ላይ ችግሩ እስከ አጥንት መድረሱ በሕክምና ጥናቶች ተረጋግጧል።

ጥርስን የሚጎዳው ፍሎራይድ የሚሠራው ጥርሱ ከድድ ሥር እየተሠራ ሳለ፣ በተለይም ከልደት እስከ ስምንት ዓመት ድረስ ነው። በመሆኑም የሰባት ዓመቱ ልጅ የፊት ጥርስ በመቦረሽ አይነጣም፤ የኋላ ጥርሶቹንና የታናናሾቹን ጥርስ ግን ማዳን ይቻላል። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። ከአዋሽ ወንዝ የተጣራ ውሃ የሚደርሳቸው የአዳማ ነዋሪዎች በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላቸው። ቧንቧው ሲቋረጥ የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ቢያንስ ለሕፃናት መጠጥና ለምግብ ማብሰያ የሚሆነውን ለይተው ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል። ፊቱን ሸፍኖ የሚስቅ ልጅ ከክፍሉ ፊት ቆሞ ለማንበብም ስለሚያፍር ጉዳዩን ለመምህሩ ማሳወቅ ጠቃሚ ነው።

የወባ ሥርጭት የሚያይለው ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ሲሆን፣ ይህም ፊደል የሚያዝበት ጊዜ ነው። ልጅን በአጎበር ሥር ማስተኛትና ትኩሳት ሲታይ በዕለቱ ማስመርመር ከትምህርት የሚቀርባቸውን ቀናት ይቀንሳል። ታሞ የቀረ ልጅ ሲመለስ ያመለጡትን ፊደላት ከመምህሩ ጠይቆ መሙላት የወላጁ ሥራ ነው።

ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ የተቆረቆሩት በዋናው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ የሆነ ሕፃን በቀን ሁለት ጊዜ የጭነት መኪና መስመር ያቋርጣል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የመኪና ፍጥነትንና ርቀትን አመዛዝኖ መወሰን አይችልም። ስለዚህ ምዝገባ ሲካሄድ ከትምህርት ቤቱ ዝና በፊት ከመንገዱ ወዲህ መሆኑን ማየት፣ ካልሆነም የሚያሻግረው ሰው መመደብ የግድ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ሰዓት የመንገዱ መጨናነቂያ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወር የመንግሥት ሠራተኛ ለልጁ መሸኛና የውጤት ካርድ መውሰዱ አይቀርም። መሸኛው ልጁ በየትኛው ቋንቋና ፊደል ሲማር እንደነበረ በግልጽ ላይገልጽ ይችላል፤ የትኞቹን ፊደላት እንደለየ ደግሞ ከነአካቴው አይጠቅስም። ከመልቀቅ በፊት የክፍል መምህሩን በአንድ ገጽ ላይ ልጁ የደረሰበትን የመጽሐፍ ገጽና ያልያዛቸውን ፊደላት እንዲጽፉ መጠየቅ፣ በውሰት የተሰጡ መጻሕፍትን መልሶ ማረጋገጫ መያዝ፣ ወረቀቱንም ለአዲሱ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሳይሆን ልጁን ለሚረከበው የክፍል መምህር በእጅ መስጠት ይገባል።