የጋራ ቦይና የጋራ መዋጮ



እንደሚታወቀው ይህች ዓመታዊ መጽሔታችን ከአባላት የሚቀርበውን ጽሑፍ ሁሉ በደስታ ታስተናግዳለች። እኛም ዕድሜያችንን ከመዝገብና ከደረሰኝ ጋር አሳልፈን በጡረታ ላይ የምንገኝ በመሆናችን፣ ዘንድሮ ስለ ፍሳሽ መስመርና ስለሚከፈልበት ገንዘብ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን። «ምነው ሌላ ርእስ ጠፋ?» የሚል አይታጣም። ነገር ግን በየሰፈሩ «ለፍሳሽ መስመር ገንዘብ ይዋጣ» በተባለ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «መስመሩ በእኔ በር አያልፍም፣ ለምን እከፍላለሁ?» ይላል። ሌላው «ሁላችንም ካልከፈልን ማን ይሠራዋል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህንኑ ክርክር የእንግሊዝ አገር ሰዎች ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ኖረው በምክር ቤትም በፍርድ ቤትም ዳኝተውታል። የእነሱን ታሪክ ማወቅ ለእኛም ይጠቅማልና እነሆ። ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

በ1531 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ስለ ቦዮች አንድ ትልቅ ሕግ ወጣ። በዚያን ጊዜ ቦይ ማለት የሽንት ቤት መውረጃ አልነበረም። የዝናብ ውሃና የጎርፍ ማስወጫ፣ የወንዝ ዳር ግድብ ነበር። ሕጉ በየአውራጃው ኮሚሽነሮች እንዲሾሙ አደረገ። እነዚህ ሹማምንት ግድቡንና ቦዩን ይመረምራሉ፣ የፈረሰውን ያሠራሉ፣ ወጪውንም በባለመሬቶች ላይ ይደለድላሉ። የድልድሉም መሠረት ጥቅም ነበር፤ ግድቡ ቢፈርስ መሬቱ የሚጠለቀለቅበት ሰው፣ ቢጠገን ደግሞ የሚጠቀም ነውና ይክፈል ተባለ።

ታዲያ ሹም ሹም ነውና በ1598 አንድ ነገር ተፈጠረ። የቴምዝ ወንዝ ግድብ ተጠገነና ኮሚሽነሮቹ ወጪውን በሙሉ ለግድቡ ቅርብ በነበረው በአንድ ባለመሬት ላይ ጫኑት። ሌሎቹ መሬታቸው ከዚያው ጎርፍ የዳነላቸው ጎረቤቶች አንዲት ሳንቲም አልተጠየቁም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹም፣ ሹም እንደ ፈቀደው ይሥራ ቢባልም ፈቃዱ በሕግና በአእምሮ የተወሰነ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ከአደጋው የዳኑት ሁሉ እኩል ይካፈሉ ብለው ፈረዱ። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ማለት ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት እዚህ ላይ እንያዝ፤ የጋራ የሆነ ነገር ሸክሙ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይጣልም።

እስከዚያ ድረስና ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን የለንደን ሰው ዓይነ ምድሩን ከቤቱ ሥር ወይም ከጓሮው ባለ ጉድጓድ ያጠራቅም ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ ሌሊት የሚመጡ ጠራጊዎች በገንዘብ እየዘቀዙ በጋሪ ያወጡና ለገበሬ ማዳበሪያ ይሸጡታል። ከሽንት ቤት ወደ ቦይ መልቀቅ ግን ክልክል ነበር። ኋላ በውሃ የሚለቀቅ መጸዳጃ እየበዛ ሲሄድ ጉድጓዶቹ ቶሎ ቶሎ ሞሉ። በ1815 ወደ ቦይ መልቀቅ ተፈቀደ። በ1848 ደግሞ ተለያይተው ይሠሩ ከነበሩት የቦይ ኮሚሽኖች ሰባቱ ተጣምረው አንድ ሆኑና፣ ጉድጓድ እየተዘጋ ቤቶች ከቦዩ ጋር እንዲገናኙ ትእዛዝ ወጣ። ልብ በሉ፤ ትናንት የተከለከለው ዛሬ ግዴታ ሆነ። ነገር ግን ቦዮቹ የሚያበቁት ሌላ ቦታ አልነበረም፣ ቴምዝ ወንዝ ነው። የቴምዝ ወንዝ ደግሞ ለብዙው ከተሜ የሚጠጣ ውሃ የሚቀዳበት ነበር። ወረዳዎቹም ለየብቻ ሲሠሩ የኖሩ ስለነበሩ የአንዱ ወረዳ ሰፊ ቦይ በሌላው ወረዳ ጠባብ ቦይ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነበር። ውጤቱን ለመገመት አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ኮሌራ ለንደን የገባው በ1832 ነው። በ1848 እና በ1849 ተመልሶ መጥቶ ከ14,000 ሰው በላይ ፈጀ። በ1853 እና በ1854 ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ከ10,000 በላይ ገደለ። የጊዜው ሐኪሞች በሽታው በመጥፎ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን በ1854 የሟቾቹን ቤት በካርታ ላይ እየመዘገበ፣ ብዙዎቹ ከአንድ የመንገድ ዳር የውሃ ጉድጓድ የጠጡ መሆናቸውን አሳየ። ኋላ ሲቆፈር ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ የሚያፈስ የሽንት ቤት ጉድጓድ ተገኘ። የአንድ ቤት ጉድጓድ የሰፈሩ ሁሉ ሞት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ «የእኔ ጉድጓድ የእኔ ጉዳይ ነው» የሚባል ነገር የለም።

በ1855 ለከተማው በሙሉ የሚሠራ አንድ የሥራ ቦርድ በሕግ ተቋቋመ። ዋና መሐንዲሱም ጆሴፍ ባዛልጌት ሆነ። ዕቅዱ ግን በገንዘብና ፍሳሹ የት ይፈሳል በሚል ክርክር እየተጓተተ ቆየ። እስከ 1858 ክረምታቸው ድረስ ማለታችን ነው፤ እነሱ ሰመር የሚሉት የሙቀት ወራት። በዚያ ሙቀት ወንዙ ከረፋ። ምክር ቤቱ ከወንዙ ዳር ስለሆነ የመስኮቱ መጋረጃ ሽታ በሚያጠፋ መድኃኒት ቢነከርም አልተቻለም። ድሀ ሲሞትበት የከረመው ነገር የምክር ቤቱን አፍንጫ ሲነካ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሕግ ሆነ።

የዚያ ሕግ የገንዘብ ክፍል ለእኛ ለዕድር ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለው። ቦርዱ 3 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲበደር ተፈቀደለት፣ መንግሥትም ዋስ ሆነ። ዕዳው የሚከፈለው የከተማው ቤቶች ለ40 ዓመት በሚያወጡት መዋጮ ነው። መዋጮውም ቤቱ በዓመት ከሚገመትበት የኪራይ ዋጋ በእያንዳንዱ ፓውንድ 3 ፔኒ ሆነ። ያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ስለነበረ፣ ከ80 አንድ እጅ መሆኑ ነው። በዓመት 40 ፓውንድ የሚገመት ቤት 120 ፔኒ፣ ማለትም ግማሽ ፓውንድ ይከፍላል። ሰፊ ቤት ያለው ብዙ፣ ጠባብ ቤት ያለው ጥቂት ይከፍላል፤ ከወንዙ ዳር የሚኖረውም፣ ከዳገት ላይ የሚኖረውም አይቀርም። የዳገቱ ሰው «ወንዙ እኔን አይሸተኝም» ቢልም፣ ቁልቁል የሚወርደው ፍሳሽ የሱ ነዋ!

በዚህ ገንዘብ በ1859 ሥራው ተጀመረ። ከወንዙ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን የሚሄዱ 132 ኪሎ ሜትር ያህል ታላላቅ የጡብ ቦዮች ተሠሩ። ፍሳሹን ወደ ወንዙ ከመግባቱ በፊት እየያዙ ከከተማው በታች በስተምሥራቅ ወስደው ይለቁት ነበር። በ1865 በስተደቡብ ያለው ትልቁ የመግፊያ ጣቢያ ተመረቀ። ሥራው በጠቅላላ ያለቀው በ1875 ነው። ነገር ግን በ1866 ኮሌራ እንደገና መጥቶ በምሥራቁ የከተማው ክፍል ከ5,000 በላይ ሰው ገደለ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በዚያ በኩል ያለው መስመር ገና አላለቀም ነበር፣ የውሃ ኩባንያውም የተበከለ ውሃ አድርሷል። እንደ ሌላው መዋጮ የሚከፈልበት ሰፈር፣ ሥራው ሳይደርሰው ሞት ቀደመው። መዋጮ ሲሰበሰብ እኩል ከሆነ፣ ሥራው ሲዳረስም ተራው በፍትሕ መሆን አለበት። መስመሩ ካለቀ ወዲህ ግን ለንደን የኮሌራ ወረርሽኝ አላየችም።

ቦዩ ተሠርቶ አለቀ ማለት ወጪው አለቀ ማለት አይደለም። በ1878 ልዕልት አሊስ የተባለች የሽርሽር መርከብ ፍሳሹ ከሚለቀቅበት አካባቢ ተጋጭታ ሰጠመችና ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ከወንዙ የወጡትም የገቡበት ውሃ ምን እንደነበረ ተናገሩ። የፍሳሹ ነገር ከዚህም በኋላ ብዙ አከራከረና፣ ከ1887 ጀምሮ አተላው እየተለየ በመርከብ ተጭኖ ባሕር ላይ ይደፋ ጀመር። ይህም እስከ 1998 ድረስ ቆይቶ ቀረ።

ፋብሪካ ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። ቢራ ጠማቂውና ቆዳ ፋቂው ከአንዲት ባልቴት ቤት እኩል ሊከፍሉ ነው? በ1937 በወጣ ሕግ ፋብሪካ የሥራ ፍሳሹን ወደ ሕዝብ ቦይ የሚለቀው ለአካባቢው አስተዳደር አስታውቆና ፈቃድ አግኝቶ እንዲሆን ተደረገ። ኋላም በምዕራብ ለንደን ባለው በሞግደን የማጣሪያ ጣቢያ ስም የሚጠራ የሒሳብ ቀመር ተለመደ። ቀመሩ የሚጠይቀው ምን ያህል ፍሳሽ እንደተለቀቀ ብቻ አይደለም። ምን ያህል ቆሻሻ እንደሆነና ምን ያህል አተላ እንደሚተውም ይጠይቃል። ብዙ የሚያቆሽሽ ብዙ ይከፍላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰውዬ፣ «መስመሩ በእኔ በር አያልፍም» ወዳለው እንመለስ። በ1974 በእንግሊዝ አገር የውሃና የፍሳሽ ሥራ ከየከተማው አስተዳደር ወጥቶ ለትልልቅ የክልል ባለሥልጣኖች ተሰጠ። እነዚህም ከቦይ ጋር ያልተገናኘውን ቤት ጭምር የፍሳሽ ሒሳብ ይጠይቁ ጀመር። በደቡብ ምዕራብ አገር አንድ ሰው፣ ቤቱ ከቦይ ጋር የማይገናኝ፣ «የማላገኘውን አገልግሎት አልከፍልም» ብሎ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ መጨረሻው ችሎት ደረሰና በ1975 ባለሥልጣኑ አገልግሎት ያልሰጠውን ሰው ማስከፈል አይችልም ተብሎ ተፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ ለየሰው እንዲመለስ ሕግ ወጣ። አንድ ሰው ስለ ጥቂት ገንዘብ ተነሥቶ የብዙ ሰው ገንዘብ አስመለሰ። ደረሰኙን ያልጣለ ሰው እንዲህ ይጠቀማል።

ገንዘብ መክፈል ግን የፈለጉትን ለመጣል ፈቃድ አይሆንም። በ2017 በለንደን ዋይትቻፕል በሚባለው ሰፈር ቦይ ውስጥ 250 ሜትር የሚረዝም፣ 130 ቶን የሚመዝን የረጋ ስብ ተገኘ። ከየኩሽናው የተደፋ ዘይትና ከየመጸዳጃው የተጣለ ጨርቅ ተጋግሮ ድንጋይ ሆኖ ነው። ሠራተኞች ሳምንታት ሙሉ ፈለጡት። የድሮዎቹ ቦዮች የዝናቡንም ውሃ አብረው ስለሚወስዱ፣ ዝናብ ሲበዛ ፍሳሹ ሞልቶ ወደ ቴምዝ ይገባ ነበር። ይህንን ለመቀነስ 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዲስ ዋሻ ተቆፍሮ በ2025 ሙሉ በሙሉ ከቦዮቹ ጋር ተገናኝቷል። ገንዘቡም በቤቶች ሒሳብ ላይ ተጨምሮ የሚከፈል ነው።

በአገራችንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1971 ነው። ቃሊቲ ያለው የመጀመሪያው የማጣሪያ ጣቢያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ነበር የሚቀበለው፤ በበርሜል ቢሰላ 38,000 በርሜል መሆኑ ነው። በ2018 የተመረቀው አዲሱ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ፣ ማለት ግማሽ ሚሊዮን በርሜል እንዲያጣራ ነው የተሠራው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200 ደግሞ ማንም ሰው አካባቢን በሚበክል ወይም የሕዝብን ጤና በሚጎዳ መንገድ ደረቅም ሆነ ፈሳሽ ቆሻሻ እንዳይጥል ከልክሎ ነበር። ያም ሆኖ ብዙው ሰው የሚገለገለው በጉድጓድና በመጣጭ መኪና ነው። መስመር የደረሰለትና ያልደረሰለት በአንድ ዕድር ድንኳን ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ክርክሩ ነገም ይመጣል።

ታዲያ ሲመጣ ምን እንበል? ከላይ ካተትነው ታሪክ ሦስት ጥያቄ ይወጣል። አንደኛ፣ የሚከፍለው ሰው በእርግጥ አገልግሎቱን ያገኛል ወይ? ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ይክፈል፤ ያልተገናኘው የጉድጓዱን ማስመጠጫ እየከፈለ የመስመሩን ጭምር መጠየቅ የለበትም። ነገር ግን ዋናው መስመር ለሰፈሩ ሁሉ እንዲደርስ የሚሠራ ከሆነና የሱም ተራ በጽሑፍ ከታወቀለት፣ የግንባታውን መዋጮ አብሮ ማውጣት ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ሸክሙ በአቅምና በአጠቃቀም ተደልድሏል ወይ? ምግብ ቤቱና መኪና አጣቢው ከአንዲት አሮጊት ጋር አይተካከሉም። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ለተባለው ሥራ መዋሉ በመዝገብ ይታያል ወይ? ዕድራችን የቆመችው በዚህ ነው። የድንኳኑንና የወንበሩን ሒሳብ በየጊዜው እንደምንሰማ፣ የሌላውንም መዋጮ ሒሳብ መስማት መብታችን ነው።

ከእኛ ከተገልጋዮቹ የሚጠበቀውም አለ። የተቃጠለ ዘይት መታጠቢያ ውስጥ አይደፋ። ጨርቅና የሕፃን ዳይፐር ሽንት ቤት አይጣል። ክረምት ሲገባ የማንሆል ክዳን እየከፈትን ጎርፉን ወደ ፍሳሽ መስመር አንስደድ፤ ያ ጎርፍ ቁልቁል ሄዶ የሚወጣው በታችኛው ሰፈር ጎረቤታችን ቤት ነው። ያ ጎረቤት ደግሞ በሐዘናችን ቀን ድንኳን የሚተክልልን ሰው ነው።

ቸር ያሰንብተን።