የድሮ ፊልም እንግሊዝኛ ለምን አይሰማም?

የድሮ ጥቁርና ነጭ የእንግሊዝኛ ፊልም ከፍታችሁ «አሁን ምን አለ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ወደ ኋላ መልሳችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ያኔ «እኔ እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብሎ ይተወዋል። ቆይ፣ ጥፋቱን ለራሳችሁ ከመስጠታችሁ በፊት የድምፁን ታሪክ እንይ።

ሲኒማ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ሕዝቡ ምስል ሲንቀሳቀስ ቢያይ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» አለው። ያኔ ፊልም ድምፅ ስላልነበረው ቋንቋ አላወቅኩም ብሎ የሚያፍር አልነበረም። ንግግር ያለው ፊልም ዓለምን ያነጋገረው በ1927 እ.ኤ.አ. «ዘ ጃዝ ሲንገር» ሲወጣ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ከምስሉ ጎን፣ በፊልሙ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ቀጭን መስመር ይታተም ጀመር። ብርሃን በመስመሩ ያልፋል፤ የብርሃኑ መብዛትና ማነስ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ወደ ድምፅ ይለወጣል። ችግሩ አቧራና ጭረትም አብረው «ይናገራሉ»፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ይፈጥራሉ። ይህን ለመቀነስ በ1938 እ.ኤ.አ. ሆሊውድ ለሲኒማ ቤቶች አንድ የድምፅ ደረጃ አወጣ፦ ቀጭኑ ድምፅ እንዲቀነስ። ከ8,000 ኸርዝ በላይ ያለው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሽሽታው ቀለለ፤ ግን የ«ስ» እና የ«ፍ» ጉልበት በአብዛኛው ያለው በዚሁ በቀጭኑ ድምፅ በኩል ነው። እነሱም አብረው ተቀነሱ።

ነገሩ እንዲገባችሁ፣ ከወግዲ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገደላማ አገር ሰው ከማዶ ማዶ ሲጣራ አስቡ። የሚረዝመው አናባቢው ነው፤ ማዶ የሚደርሰውም እሱ ነው። «ስ» እና «ፍ» መንገድ ላይ ይቀራሉ። ተጠሪው ግን «አቤት!» ይላል። ለምን? ስሙን ስለሚያውቀው የጎደለውን አእምሮው ይሞላለታል።

በኋላ ፊልሞቹ በቪዲዮ ካሴት ወደየከተማው ቪዲዮ ቤት ሲደርሱ ነገሩ ባሰ። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይሳሳል። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ፊልሙን የተከተሉት በቃሉ ሳይሆን በፊቱና በድርጊቱ ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ተገናኘ፦ ድምፁ ተነባቢ ጎድሎታል፤ እናንተ ደግሞ ጎደሎውን ለመሙላት የሚያስፈልገው የእንግሊዝኛ ልምድ ገና እየገነባችሁ ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። አማርኛም በመጥፎ ስልክ ሲሆን «ሰ፣ እንደ ሰላም» እያልን ፊደል እንቆጥራለን።

ታዲያ ምን ይሻላል? በማዳመጫ ስሙ፤ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሱ፤ መጀመሪያ ከእንግሊዝኛ ጽሑፉ ጋር፣ ቀጥሎ ያለ ጽሑፍ እዩ። በሁለተኛው ዙር ቃሉን ስለምታውቁት «ስ»ዋ ባትኖርም ትሰማላችሁ።