ከስቴንስል እስከ ኮምፒዩተር፦ የፈተና ጥያቄ አጻጻፍና የመምህሩ ኃላፊነት

ከጋሞ ደጋ ግርጌ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ በምትገኘው በአርባ ምንጭ ከተማ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1979 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በአገራችን የፈተና ጥያቄ ማባዛት የጽሕፈት መኪናና የስቴንስል ሥራ ነበር። የመምህሩ የእጅ ጽሑፍ በስቴንስል ላይ ይመታል፤ ማባዣው መኪናም ቅጂውን ያወጣል። በስቴንስሉ ላይ የገባች አንዲት ስሕተት በቅጂው ሁሉ ትደገማለች። ይሁን እንጂ ተፈታኞች በአንድ አዳራሽ ስለሚቀመጡ መምህሩ ጠመኔ አንሥቶ ስሕተቱን በሰሌዳ ላይ ለማረም ዕድል ነበረው።

ኢንስቲትዩቱ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ አውስትራሊያዊው ማርቲን ዱጊያማስ ሙድል የተባለውን የኮምፒዩተር መርሐ ግብር የመጀመሪያ እትም አቅርቦ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ይህ መርሐ ግብር፣ መምህሩ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ከመሙላት ይልቅ በአንድ የጽሑፍ ሰነድ ደርድሮ ባንድ ጊዜ እንዲያስገባ ይፈቅዳል። ከተፈቀዱት አጻጻፎች ቀላሉ አይከን የሚባለው ነው።

ሕጉ ጥቂት ነው፤ ግን ጥብቅ ነው። ለምሳሌ «የአባያን ውኃ የሚያቀላው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይቆረጥ በአንድ መስመር ይጻፋል። «ደለል» የሚለው መልስና ሌሎቹ ምርጫዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ይከተላሉ። በየምርጫው ፊት ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚባሉት የላቲን ትላልቅ ፊደላት በነጥብ ወይም በቅንፍ ይቀመጣሉ። በመጨረሻም «አንሰር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትላልቅ ፊደላት ተጽፎ፣ ከሁለት ነጥብ በኋላ የትክክለኛው ምርጫ ፊደል ይመጣል። ሰነዱ ጌጥና ሠንጠረዥ የሌለው ንጹሕ ጽሑፍ ሆኖ፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ መቀመጥ አለበት።

በአማርኛ ለሚያስተምር ባልደረባችን ይህ የመጨረሻው ሕግ ከባድ ታሪክ አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በራሳቸው ቍጥር ያስቀምጡ ነበር። በነዚያ የተጻፈ የቆየ ፈተና ወደ ንጹሕ ጽሑፍ ሲለወጥ አማርኛው ይጠፋና ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይቀራል። የብዙ ዓመት የጥያቄ ክምችት እንደገና ካልተጻፈ ወይም በመለወጫ መሣሪያ ካልታደሰ በቀር የማይነበብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከልማዳችን ይመነጫል። እኛ ምርጫን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን እንደረድራለን፤ አይከን ግን ይህን አይቀበልም። ስለዚህ መምህሩ ወደ ላቲን ሲመልሰው፣ በተለይም የመልሱ ዝርዝር በቃል ሲነበብለት፣ ሃሌታው «ሀ» እና ሐመሩ «ሐ» ለጆሮ አንድ ናቸው። አንደኛው ምርጫ ሦስተኛ፣ ሦስተኛውም አንደኛ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ዋናውን ነገር ልናስተውል ይገባል። የመስመር ወይም የነጥብ ጕድለት ሲኖር መርሐ ግብሩ ሰነዱን አልቀበልም ብሎ ያስታውቃል። ትክክለኛ ያልሆነ መልስ በትክክለኛ ሥርዓት ሲጻፍለት ግን በጸጥታ ይቀበላል፤ በትክክል የመለሰውንም ተማሪ ተሳስተሃል ይለዋል። ማሽኑ የሚመረምረው ቅርጹን እንጂ እውነቱን አይደለም።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ የቅርቡ ታሪክ ያስረዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩዎች በኮምፒዩተር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ለማለፍም ሃምሳ ከመቶ ማግኘት ይኖርባቸዋል። ተማሪውን ለዚያ ቀን የሚያለማምዱት ጥያቄዎች ከመምህራን እጅ የሚወጡ ናቸው። በመልመጃው ውስጥ የተዛባ መልስ ካለ ተማሪው ስሕተትን አጥንቶ ወደ ፈተና ይገባል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልማድ ብናደርግ መልካም ነው። ጥያቄዎቻችንን በዩኒኮድ እንጻፍ፤ የንጹሕ ጽሑፉን ቅጂ ለተተኪ ባልደረቦች እናኑር፤ ሰነዱ ከገባ በኋላም ሌላ መምህር እንደ ተማሪ ተቀምጦ ፈተናውን ይሥራው። ጠመኔና ሰሌዳ በሌለበት አዳራሽ፣ ስሕተቱ ተማሪው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያርመው የባልደረባ ዓይን ነው።