«ታዲያ አልወጣም እንዴ?»

በአቪዬሽን ታሪክ አንድ አደጋ ከሁሉ ይበልጥ ሰው የፈጀው ሰማይ ላይ አይደለም፤ መንደርደሪያ ላይ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977፣ በእኛ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ነበር፤ እሑድ። ቦታው የስፔን ደሴት ቴኔሪፍ።

የኬኤልኤምና የፓን አም ቦይንግ 747ዎች መጀመሪያውኑ እዚያ ጉዳይ አልነበራቸውም። ወደ ግራን ካናሪያ ሲሄዱ የዚያ አየር ማረፊያ ቦምብ ስለፈነዳበት ተዘጋና ወደ ቴኔሪፍ ተላኩ። ያ ደግሞ አንድ መንደርደሪያ ብቻ ያለው ትንሽ አየር ማረፊያ ነው። ግራን ካናሪያ ሲከፈት ፓን አም ለመነሳት ዝግጁ ነበር፤ ግን ከፊቱ የቆመው ኬኤልኤም ነዳጅ እየቀዳ ስለነበር ማለፍ አልቻለም። እስከዚያው ጉሙ መጣ።

የኬኤልኤሙ ካፒቴን ያኮብ ፋን ዛንተን ተራ አብራሪ አልነበረም። የድርጅቱ የ747 አሰልጣኞች አለቃ ነው፤ ፎቶው ማስታወቂያ ላይ ይወጣል። ከጎኑ የተቀመጠውን ረዳት አብራሪ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ፈትኖ ያሳለፈው እሱ ራሱ ነው!

ካፒቴኑ ሊነሳ ሲል ረዳቱ «ገና ፈቃድ አላገኘንም» ብሎ አንዴ አስቆመው። ረዳቱ ከማማው የተሰጠውን የበረራ መስመር ፈቃድ (የመነሻ ፈቃድ አይደለም) በሬዲዮ ደግሞ ሳይጨርስ ግን ካፒቴኑ እንደገና ጉዞ ጀመረ። አሁን ረዳቱ ዝም አለ (ፈታኝህን ሁለቴ ማረም ለማን ይቀላል?)። ማማው «እሺ» አለና «ጠብቁ» ብሎ ሲቀጥል፣ ፓን አም ደግሞ «እኛ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን» አለ። ሁለቱ እኩል ስለተናገሩ ኬኤልኤም ጋ ከ«እሺ» በኋላ የደረሰው ሲጥሲጥታ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ግን ቀጥሎ በሬዲዮ የመጣውን ሰምቶ ተጠራጠረ፦ «ታዲያ አልወጣም እንዴ፣ ያ ፓን አሜሪካን?» ካፒቴኑ ወጥቷል አለ፤ ፍርጥም ብሎ። መሐንዲሱ ደግሞ አልተከራከረም። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር ለካ ሆላንዶችም ጋ አለ። ከዚያ እስከ ግጭቱ 20 ሰከንድ አልሞላም።

583 ሰው ሞተ። ከኬኤልኤም 248ቱም አለቁ፤ ከፓን አም 61 ሰዎች ተረፉ።

ዛሬ የበታች ሠራተኛ አለቃውን እንዲያስቆም፣ አለቃውም እንዲሰማ በሥልጠና ይማራሉ። «መነሳት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም በሬዲዮ የሚነገረው ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ ሆኗል።

የአደጋው ወሬ አምስተርዳም ሲደርስ፣ የኬኤልኤም ሰዎች ለምርመራው ይላክ ብለው መጀመሪያ ያሰቡት ፋን ዛንተንን ነበር።