«ቀይ አዝመራ»፤ ከመርማሪ ሪፖርት የበቀለ ልብ ወለድ

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በአብዛኛው የሚነበበው ለጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ የሚተቸውም በችኮላ ነው። ሬሳ ይገኛል፤ ብልኅ መርማሪ ይጠራል፤ ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ይጋለጣል፤ ኅብረተሰቡም ወደ ቀድሞ ሰላሙ ይመለሳል። ኤድጋር አለን ፖ በ1841 የጀመረውና ኮናን ዶይል ከ1887 ጀምሮ በሸርሎክ ሆምስ አማካይነት በዓለም ያስፋፋው ይህ ስልት አንድ ሳይነገር የሚታለፍ እምነት አለው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸውም ኅብረተሰቡ በመሠረቱ ጤናማ ነው፣ ወንጀል ግን ድንገት ያረፈበት እድፍ ነው የሚል ነው። አሜሪካዊው ዳሺል ሃሚት በ1929 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ቀይ አዝመራ» ይህን እምነት ከሥሩ ገለበጠው። በዚህ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ሟች ማን እንደገደለው ገና የመጽሐፉ ሩብ ያህል እንደተነበበ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የአንድ ሰው ገዳይ ማን ነው የሚል ሳይሆን፣ አንዲት ከተማ በሙሉ ለነፍሰ ገዳዮች እንዴት ተላልፋ ተሰጠች የሚል ነው።

ሃሚት መልሱን ከቤተ መጻሕፍት አላገኘውም። በ1894 በሜሪላንድ የተወለደው ይህ ሰው በአሥራ አራት ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ቤተሰቡን ለመርዳት በልዩ ልዩ ጥቃቅን ሥራዎች ሲንከራተት ከቆየ በኋላ፣ በ1915 ባልቲሞር ውስጥ በፒንከርተን ብሔራዊ የመርማሪዎች ድርጅት ተቀጠረ። ስለዚህ ድርጅት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አለን ፒንከርተን የተባለ ከስኮትላንድ የመጣ ስደተኛ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በቺካጎ የመሠረተው ሲሆን፣ ዓርማው የተገለጠ ዓይን፣ መፈክሩም ከቶ እንደማይተኛ የሚገልጽ ነበር። በእንግሊዝኛ የግል መርማሪን «የግል ዓይን» ብሎ የመጥራቱ ልማድ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓርማ ጋር ይያያዛል። ዓይኑ ግን የሁሉ ሰው ዓይን አልነበረም፤ የሚያየው ለከፈለው ነበር። ድርጅቱ ባቡር ዘራፊዎችን ከማሳደዱ ጎን ለጎን ለፋብሪካና ለማዕድን ባለቤቶች ይሠራ ነበር። ሰዎቹ ሠራተኛ መስለው ወደ ሠራተኛ ማኅበራት እየገቡ፣ በስብሰባው ማን እንደተናገረና ማን ለአድማ እንደቀሰቀሰ በስም እየለዩ ለአሠሪው ያቀርቡ ነበር። በ1892 በፔንሲልቫኒያ በሆምስቴድ የብረት ፋብሪካ ከሠራተኞቹ ጋር ጠብ በተነሣ ጊዜም፣ ሦስት መቶ ያህል የፒንከርተን ሰዎች ከነመሣሪያቸው በወንዝ ጀልባ ተጭነው መጡ፤ በዚያው ቀን በተደረገው ውጊያ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ።

ሃሚት እያቋረጠና እየተመለሰ እስከ 1920ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዚህ ሥራ ቆየ። በ1918 ለጦር ሠራዊት ተመዝግቦ ገና ከአገሩ ሳይወጣ፣ በዚያን ጊዜ ዓለምን ባዳረሰውና በእኛ አገር የኅዳር በሽታ ተብሎ በሚታወቀው ወረርሽኝ ተያዘ፤ የሳንባ ነቀርሳም ተከተለው። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ትዳር ይዞ ልጅ ከወለደ በኋላ፣ ሌሊቱን በብርድ ቆሞ የሰው ደጃፍ መጠበቁን ጤናው አልፈቀደለትም። ሥራውን ተወና መጻፍ ጀመረ።

ለጽሕፈት ያበቃውን ትምህርት ያገኘው ግን ከዚያው ከተወው ሥራ ነበር። መርማሪ ያየውን ሁሉ ለአለቃው በሪፖርት ያቀርባል፤ ሰውዬው በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ምን እንደለበሰ፣ ከማን ጋር እንደቆመ፣ በየትኛው በር እንደገባ። የተከታዩ ስሜት፣ የሰማዩ ቀለም፣ የተፈላጊው ኅሊና በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ቦታ የላቸውም። ደረቁንና አጭሩን የሃሚት ዓረፍተ ነገር ብዙዎች እንደ አዲስ የሥነ ጽሑፍ ፈጠራ አድርገው አወድሰውታል፤ ውዳሴውም ተገቢ ነው። ነገር ግን አጻጻፉ በመጀመሪያ የቅጥረኛ አጻጻፍ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ከ1922 መጨረሻ ጀምሮ ሥራዎቹን የተቀበለው «ብላክ ማስክ» የተባለው መጽሔት ነበር። በርካሽ ወረቀት የሚታተም፣ በየጋዜጣ መሸጫው የሚሰቀል፣ በቁም ነገር አንባቢ ዘንድ የማይቆጠር መጽሔት ነው። ሃሚት በ1923 መገባደጃ በዚህ መጽሔት ላይ አንድ መርማሪ አቀረበ። ስሙ በየትኛውም ታሪክ ውስጥ አይገለጽም። ዕድሜው አርባ ግድም፣ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ወፍራም ነው፤ ኮንቲኔንታል ለተባለ የምርመራ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ደመወዝተኛ ነው። እንደ ሆምስ ቫዮሊን አይጫወትም፤ በኬሚስትሪም አይመራመርም። አለቃው «ሽማግሌው» ብቻ ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም የለሽ ሰው ከሃያ በላይ አጫጭር ታሪኮችን ከተረከ በኋላ፣ ከ1927 ኅዳር እስከ 1928 የካቲት በአራት ተከታታይ ክፍሎች ወጥቶ በኋላ «ቀይ አዝመራ» የሆነውን ረጅም ታሪክ ተረከ።

የታሪኩ ምንጭ ከአሜሪካ ምዕራባዊ ተራሮች መካከል ነው። የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ቢዩት የተባለችውን የሞንታና ከተማ በስም ይጠራል፤ ይህም በከንቱ የተደረገ አይደለም። ቢዩት የመዳብ ከተማ ነበረች፤ መዳቡም፣ ሥራውም፣ ከሞንታና ጋዜጦች የሚበዙቱም በአናኮንዳ ኩባንያ ቁጥጥር ሥር ነበሩ። በ1917 ሰኔ ስፔኩሌተር በተባለው የማዕድን ጉድጓድ በተነሣው እሳት ከ160 የሚበልጡ ሠራተኞች አለቁ። አደጋውን ተከትሎ ሠራተኞች አድማ መቱ። ፍራንክ ሊትል የተባለ «የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች» ማኅበር አደራጅ እግሩ ተሰብሮ በምርኩዝ እየሄደ ወደ ቢዩት መጣና ለአድማው ቀሰቀሰ። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ሌሊት ካረፈበት ቤት አውጥተው ከባቡር ድልድይ ላይ ሰቀሉት። ለፍርድ የቀረበ ሰው የለም። በ1920 ደግሞ የኩባንያው ዘበኞች በአድማ ላይ በነበሩ ሠራተኞች ላይ ተኩስ ከፍተው ከአሥር በላይ አቆሰሉ፤ አንዱም ሞተ።

ሊሊያን ሄልማን፣ የሃሚት የረጅም ጊዜ ወዳጅ የነበረችው ጸሐፌ ተውኔት፣ ሃሚት በፒንከርተን ሳለ ፍራንክ ሊትልን እንዲገድል የአናኮንዳ ሰው አምስት ሺህ ዶላር እንዳቀረበለት ከራሱ አንደበት መስማቷን በ1976 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋለች። የሃሚትን ሕይወት ካጠኑ ጸሐፊዎች መካከል ይህን የሚጠራጠሩ አሉ፤ ጥርጣሬያቸውም መሠረት አለው፤ በዚያን ጊዜ ቢዩት ስለመገኘቱ ማስረጃ አይታይምና። ጥርጣሬው ግን የልብ ወለዱን ምስክርነት አይቀንሰውም። ሃሚት ሐሳቡ የቀረበለት ሰው ባይሆን እንኳ፣ እንዲህ ዓይነት ሐሳብ የሚቀርብላቸው ሰዎች ከሚሠሩበት ቤት የወጣ ሰው ነበር።

የልብ ወለዱ ከተማ ፐርሰንቪል ትባላለች፤ የሚያውቋት ግን ፊደሏን ጥቂት ለውጠው «ፖይዝንቪል»፣ ማለትም የመርዝ ከተማ ይሏታል። አርባ ሺህ ሕዝብ አላት፤ የማቅለጫው ጢስ ቤቱንም ተራራውንም አጠልሽቶታል። ሽማግሌው ኤላይሁ ዊልሰን የማዕድኑ ድርጅት፣ የባንኩና የጋዜጦቹ ባለቤት ነው። በ1921 ሠራተኞቹ አድማ ሲመቱ ተኳሾችንና አድማ ሰባሪዎችን ከየአገሩ ሰብስቦ አስገባ፤ አድማውም ከስምንት ወር በኋላ ተሰበረ። ሥራቸውን የጨረሱት ቅጥረኞች ግን ከተማዪቱን ወደዷትና አንወጣም አሉ። ቁማሩን፣ የተከለከለውን መጠጥ፣ የተሰረቀውን ዕቃ፣ ፖሊሱንም ጭምር ተካፈሉት። ዊልሰን ሊያባርራቸው አይችልም፤ በአድማው ጊዜ የፈጸሙት ሁሉ በእሱ ትእዛዝ የተፈጸመ ነውና ምስጢሩን ይዘውበታል። በእሳት የተጫወተ ጌታ የገዛ ቤቱ ሲቃጠል ውሃ ፍለጋ ወደ የግል መርማሪ ላከ። አሥር ሺህ ዶላርም ከፈለ።

የዚህ ሐሳብ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ወንበዴው ከተማዪቱን ከውጭ መጥቶ የወረራት ጠላት ሳይሆን፣ የንብረቱ ጠባቂ የነበረ፣ ደመወዝ የተከፈለው፣ ሥራውን በሚገባ ያከናወነ ሰው ነው። ሃሚት ይህን በስብከት አይናገርም። አንድ የሠራተኛ ማኅበር ሰው፣ ቢል ኩዊንት፣ ለመርማሪው በጥቂት ገጽ ያወጋለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈነዳው ጥይት ሁሉ የዚያ ወግ ማብራሪያ ይሆናል።

ሆኖም ከዚሁ ጋር የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይታያል። ኩዊንት በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከታየ በኋላ ወደ ታሪኩ ዳር ይገፋል። ከአርባው ሺህ ሕዝብ መካከል ጉድጓድ የሚወርደው ሠራተኛ እንደ አንድ ኃይል ዳግመኛ ብቅ አይልም። የሚፋለሙት ወንበዴዎች፣ የፖሊስ አዛዡ፣ ባለ ባንኩና መርማሪው ናቸው። ደራሲው አድማው ተሰብሯል ካለ በኋላ የተሰበሩትን ሰዎች ሊያሳየን አልፈለገም፤ ወይም አልቻለም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ተራኪው መርማሪ ነው፤ መርማሪ ደግሞ በደንበኛው መስኮት በኩል ነው የሚያየው። ከዚያ መስኮት ሠራተኛው የሚታየው አድማ ሲመታ ብቻ ነው።

መርማሪውም ንጹሕ ሆኖ አይወጣም። ወንበዴዎቹን በሐሰት ወሬ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል፤ አስከሬኑ ሲከመር ግን መግደልና ማስገደል እየጣመው እንደመጣ ራሱ ይናዘዛል። ዳይና ብራንድ የተባለችው ሴት በበረዶ መውጊያ ተወግታ በሞተችበት ሌሊት ተኝቶ ሲነቃ የመውጊያው እጀታ በእጁ ውስጥ ነው። ሆምስ ከንጽሕናው ከፍታ ሆኖ ወንጀሉን ይመለከታል፤ ይህ ሰው ግን ለጊዜውም ቢሆን ገዳዩ እሱ ራሱ ስለመሆን አለመሆኑ እርግጠኛ አይደለም። መጨረሻውም መራራ ነው። ዊልሰን በመርማሪው ተገዶ አገረ ገዢውን ወታደር እንዲልክ ይጠይቃል፤ የፀዳችው ከተማ ለቀድሞው ባለቤቷ ትመለሳለች፤ ተራኪው ራሱ ዳግመኛ ለመበስበስ ዝግጁ መሆኗን አይደብቅም። ከዚያም መርማሪው ወንጀሉን ለማለዘብ እየደከመ የጻፋቸው ሪፖርቶች አለቃውን ሳያታልሉ ቀርተው በብርቱ ይገሠጻል። በሪፖርት የተጀመረ የደራሲ ሕይወት የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በሐሰተኛ ሪፖርት መዝጋቱ ሊጤን የሚገባው ነው።

ረቂቁን የተቀበለው የኒው ዮርኩ የክኖፍ ማተሚያ ድርጅት ነበር። ብላንሽ ክኖፍ ግድያው በዝቷል ብላ እንዲቀነስ ጠየቀች፤ ጥቂትም ተቀነሰ። የተረፈው የትኛው እንደሆነ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ያው መርማሪ በዚያው በ1929 «የዴይን እርግማን» በተባለው ሁለተኛ መጽሐፍ ተመልሶ መጣ፤ በረጅም ልብ ወለድ የታየው ግን በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ነው። የከፈተውን መንገድ ሌሎች አስፍተው ሄዱበት። ሬይመንድ ቻንድለር በ1939 ፊሊፕ ማርሎ የተባለውን መርማሪ በመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሲያስተዋውቅ በሃሚት ዱካ ላይ ነበር፤ በ1944 በጻፈው መጣጥፍም ይህን ውለታ በግልጽ መስክሯል።

ሃሚት ራሱ ከ1934 በኋላ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። ፊቱን ወደ ፖለቲካ አዞረ፤ በ1930ዎቹ ማብቂያ የአሜሪካ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ የተጎዳ ሳንባውን ይዞ፣ በተራ ወታደርነት ተመዝግቦ በአሉሺያን ደሴቶች የሠራዊቱን ጋዜጣ አዘጋጀ። ከጦርነቱ በኋላ ለፖለቲካ እስረኞች ዋስትና የሚያቀርብ የሲቪል መብቶች ኮንግረስ ገንዘብ ባለ አደራዎች ሰብሳቢ ነበር። በ1951 በዋስ ከተለቀቁት የፓርቲው መሪዎች አራቱ ሲሰወሩ ሃሚት ወደ ፍርድ ቤት ተጠራ። የተጠየቀው ለዋስትናው ገንዘብ ያዋጡትን ሰዎች ስም እንዲናገር ነበር። በስብሰባ መዝገብ ላይ የሚታየው የስሙ ምኅጻር የእሱ ስለመሆኑ እንኳ መልስ አልሰጠም። ፍርድ ቤት በመድፈር ስድስት ወር ተፈረደበት፤ አምስት ወር ያህል ታስሮ ሲወጣ ጤናው ፈጽሞ ተሟጥጦ ነበር። በእስር ቤት የተመደበለት ሥራ መጸዳጃ ቤት ማጽዳት እንደነበረ ሄልማን ጽፋለች። በ1961 ጥር ሞተ፤ በሁለት ጦርነቶች የዘመተ ወታደር በመሆኑም በአርሊንግተን የጦር ሠራዊት መካነ መቃብር ተቀበረ። ስም እየለየ ለአሠሪዎች ያቀርብ በነበረው ድርጅት ሥራውን የተማረው ሰው፣ ፍርድ ቤት ቆሞ የአንድም ሰው ስም አልሰጠም።