የሙዝ ዳቦ በቢራ፦ ለማን ይስማማል? ማን ይጠንቀቅ?

በወላይታ ሶዶና አካባቢዋ ሙዝ በቀላሉ ይገኛል። ከመጠን በላይ የበሰለውን ከመጣል ከስንዴ ዱቄት ጋር ለዳቦ ማዋል ጥሩ ዘዴ ነው። አንዳንዶች ሊጡ ላይ ቢራ ይጨምራሉ፤ ጋዙ ዳቦውን ያቀልለዋል፣ ብቅሉም ጣዕም ይሰጠዋል። ታማሚ ባለበት ቤት ግን ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አልኮሉ በእሳት ይጠፋል?

ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። አንድ ሰዓት ያህል በተጋገረ ምግብ ውስጥ ከአልኮሉ ሩብ ያህሉ ሊቀር ይችላል። ግማሽ ጠርሙስ (165 ሚሊ ሊትር) 5 በመቶ ቢራ 6.5 ግራም ያህል አልኮል አለው፤ ከተጋገረ በኋላ 1.6 ግራም ገደማ ይቀራል። ዳቦው ለ12 ሲቆረጥ ለአንድ ቁራሽ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። በቢራ ፈንታ ቦርዴ ወይም ጠላ ከተጠቀሙ የአልኮሉ መጠን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ይህ ስሌት አይሠራም።

የስኳር ሕመም ካለብዎ

ዋናው ጉዳይ ቢራው ሳይሆን ዱቄቱ፣ ሙዙና ስኳሩ ነው። 300 ግራም ዱቄት፣ 3 መካከለኛ ሙዝና 50 ግራም ስኳር ለ12 ቢካፈሉ አንዱ ቁራሽ 30 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይይዛል። ስለዚህ፦

• አንድ ቁራሽ ይብቃዎት፤ ከምግብ በላይ ሳይሆን በሌላ ዳቦ ወይም እንጀራ ምትክ ይብሉት።
• ሙዙ ራሱ ስለሚያጣፍጥ ስኳሩን ይቀንሱ። ማር መጨመርም ያው ስኳር መጨመር ነው።
• ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ ከሆነ የተረፈውን ቢራ በባዶ ሆድ አይጠጡ። የደም ስኳርዎ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል።

ያለ ቢራ ቢጋገርላቸው የሚሻሉ

• ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት
• የጉበት ሕመም ያለባቸው
• መጠጥ ያቆሙ ሰዎች፤ ሽታውና ጣዕሙ ፍላጎቱን ሊቀሰቅስ ይችላል
• ሜትሮኒዳዞል ወይም ዳይሰልፊራም የሚወስዱ

ለእነዚህ በቢራው ምትክ እኩል መጠን አምቦ ውሃ ወይም ወተት ይጠቀሙ። በእምነታቸው ምክንያት አልኮል ለማይቀምሱም ይሆናል።

ግሉተን ለማይስማማቸው ሰዎች ግን ቢራውን መተው ብቻ አይበቃም፤ ችግሩ የስንዴ ዱቄቱም ውስጥ አለ። በኩላሊት ሕመም ምክንያት ፖታሲየም እንዲቀንሱ የታዘዙም መጠኑን ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 420 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም አለው።

አዘገጃጀት

ሙዙን ፈጭተው ከ2 እንቁላል፣ ከስኳሩና ከሩብ ኩባያ ዘይት ጋር ያዋህዱ። ዱቄቱን ከ3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ከትንሽ ጨው ጋር ቀላቅለው ይጨምሩ። በመጨረሻ ቢራውን ወይም ምትኩን ያፍስሱና ብዙ ሳያሹ በ180 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል ይጋግሩ። መሐሉ ላይ የተሰካ ስንጥር ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል።

አስቸኳይ እርዳታ መቼ?

የስኳር ሕመምተኛ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከተጋባ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ይስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይስጡ፤ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሁኔታውን ስካር ነው ብላችሁ አትጠብቁ።