የእናቴ ቁጠባና የጎንደሩ ሳህን

ክረምት ሲገባ በፎገራ ሜዳ ላይ ውሃና መሬት ድንበራቸውን ያጣሉ። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ከመግባታቸው በፊት ሜዳው ላይ ተዘርግተው ያርፋሉ። ሩዙ ይህን ውሃ ይወደዋል፤ የሰው ሆድ ግን ይፈራዋል። ጎርፉ ከጉድጓዱና ከምንጩ ጋር ሲቀላቀል ተቅማጥ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራል።

እኔም የወረታ ልጅ ነኝና በየክረምቱ ተራዬ ይደርሰኝ ነበር። እናቴ ከሱቅ በፍሬ የሚሸጠውን እንክብል ገዝታ ሁለት ሦስቱን ታውጠኛለች። ሆዴ ጋብ ሲል ቀሪውን በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥረዋለች፤ «ለሌላ ቀን ይሆናል» እያለች። በቤታችን የሚጣል ነገር አልነበረም፤ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፣ ያረጀ ነጠላ የሕፃን መታቀፊያ ይሆናል። የተረፈ መድኃኒትም የክፉ ቀን ስንቅ ነበር። ዛሬ ባንክ ቤት ተቀምጬ ሰውን ሁሉ «ቆጥቡ» ስል የምውል ሰው ነኝና ያን ቋጠሮ ለመንቀፍ አንደበቴ አይታዘዝልኝም። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ከእኛ ቤት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ የዚያን ቋጠሮ ሒሳብ የሚያወራርድ ሰው እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የጎንደር የሕክምና ትምህርት ታሪክ ራሱ ከበሽታ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በጎንደር ተከፈተ። በ1978 ደግሞ በምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። በ1990ዎቹ በዚህ ኮሌጅ ከሠሩት የማይክሮባዮሎጂ ሊቃውንት አንዱ ዶክተር አብርሃም አሰፋ ናቸው።

ሥራቸው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር፣ ሽንት ወይም መግል የተወሰደ ናሙና በክብ ሳህን ላይ በረጋ ምግብ ላይ ይዘራል። ባክቴሪያው ተለይቶ ከታወቀ በኋላ በሌላ ሳህን ላይ እንደገና በስሱ ይቀባና እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። ሳህኑ በሰው ገላ ሙቀት ያድራል። ሲነጋ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ፈርቶ ከሸሸ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ካልፈራ ግን እስከ ወረቀቱ ጥግ ድረስ በቅሎ ያድራል፤ እንደ አረም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር አብርሃም ከባልደረባቸው ጋር በጎንደር በብዛት የሚገኙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ለመድኃኒት የሚሰጡትን ምላሽ በምሥራቅ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በ1997 ደግሞ በዚያው መጽሔት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስላሉት ሳልሞኔላና ሺጌላ ጻፉ። ሺጌላ ማለት ደም የተቀላቀለበትን ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የእኛው የክረምት እንግዳ። የጥናቱም ጉዳይ መድኃኒትን መቋቋም ነበር። እነዚያ ገጾች በአንድ የመጽሔት ጥራዝ ውስጥ ተኝተው ይሆናል፤ ለእኔ ግን የልጅነቴ ሆድ ዜና መዋዕል ናቸው።

ነገሩ የጎንደር ብቻ አልነበረም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባሰማው ንግግር፣ መድኃኒቱ ከሱቅ እንደ ልብ የሚገዛበት ቀን ሲመጣ ሰው ከሚገባው በታች እየወሰደ ባክቴሪያውን እንዳያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ የሺጌላ ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ጊዜ ሲቋቋም ታየ። በ1959 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ይህን የመቋቋም ችሎታ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ጭምር ማቀበል እንደሚችል ደረሱበት። እንግዲህ ባክቴሪያም ዕውቀቱን ለጎረቤት ያወርሳል።

ዶክተር አብርሃም ኋላ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተሻግረው የተቋሙ ሳይንሳዊ ዳይሬክተር ሆነው አገለገሉ። በዚያም ስለ ሳንባ ነቀርሳና ስለ ማጅራት ገትር ከተደረጉት ምርምሮች ብዙዎቹ ላይ ስማቸው ይገኛል። ተቋሙ ከአለርት ሆስፒታል ጎን እ.ኤ.አ. በ1970 ሲመሠረት ዓላማው የሥጋ ደዌን መመርመር ነበር፤ ስሙንም የወሰደው በ1873 የበሽታውን ባክቴሪያ ካገኘው ከኖርዌጂያዊው ሐኪም ነው። ይህ ግቢ የእናቴን ቋጠሮ የሚመስል፣ ነገር ግን እጅግ የከበደ ታሪክ አለው።

የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሳህን ላይ አይበቅልም። አንዱ ሁለት ለመሆንም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካዊው ቻርልስ ሼፐርድ በአይጥ መዳፍ ላይ ማራባት እስኪችል ድረስ መድኃኒት ይፍራ አይፍራ በላቦራቶሪ የሚፈተንበት መንገድ አልነበረም። መድኃኒቱ ዳፕሶን ነበር፤ ርካሽ እንክብል፣ ለዓመታት፣ ለብዙዎችም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ። ሕመምተኛው ገላው ሲጠራለት ይተወዋል፤ መንገዱ ሲርቅበት ያቋርጠዋል። አንዳንድ ጊዜም መጠኑ ከመነሻው አንሶ ይሰጠው ነበር። በ1964 በማሌዥያ፣ ባክቴሪያው ዳፕሶንን መልመዱ በአይጥ መዳፍ ተረጋገጠ።

በአዲስ አበባ ይህን ሲከታተል የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ፒርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ከኃይሌና ከሪስ ጋር ባሳተመው ጽሑፍ የባሰውን ነገር አመለከተ፤ ዳፕሶንን ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕመምተኞች፣ ከመጀመሪያውኑ ዳፕሶን የማይበግረው ባክቴሪያ ተጋብቶባቸው ተገኙ። አንዱ ጀምሮ የተወውን ሌላው ታመመበት ማለት ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ ልናገረውና፣ ያልተበደረ ሰው ወለዱን ከፈለ።

እንዲህ ያለ ማስረጃ ከየአገሩ ሲከማች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ዳፕሶን ብቻውን እንዳይሰጥ፣ ሪፋምፒሲንና ክሎፋዚሚን እየታከሉበት በአንድነት እንዲሰጥ መከረ። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ ከአንዱ መድኃኒት የሚያመልጥ ባክቴሪያ ሌላው ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ በ1983 ይህን ሕክምና ጀመረች፤ ዕድሜ ልክ የነበረው መድኃኒትም በወራትና በጥቂት ዓመታት የሚያልቅ ሆነ። ደዌው ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ከአገራችን ቃላት ውስጥም በደዌው የተለከፉትን የምናዋርድባቸው ስድቦች ገና አልወጡም። ቢሆንም በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጣቶቻቸውን አጥተው የተቀመጡት ወገኖቻችን ቁጥር ያነሰው፣ አንድ ሰው የአይጥ መዳፍ ላይ አጎንብሶ ወራት ስለ ጠበቀ ጭምር ነው።

ሳህኑና ማጉያ መነጽሩ በሌሉበት ምን እንደሚሆን የፎገራ ሰው ሩቅ ሄዶ መጠየቅ የለበትም። በጎረቤታችን በሊቦ ከምከም ካላ አዛር መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ከዚያ በፊት ሰው በትኩሳት እየመነመነ፣ የወባ መድኃኒት እየወሰደ ይሞት ነበር። ካላ አዛር በባክቴሪያ የሚመጣ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ስሙ ያልታወቀ ጠላት በተሳሳተ መሣሪያ ይወጋል፤ መሣሪያውም ይዶለዱማል።

አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። ቁጥር መቁጠር ሥራዬ ቢሆንም ይህን ቁጥር መያዝ አልቻልሁም። የገባኝ ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ በታመመ ጊዜ ነው። ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ደም አለው?» ብላ ነበር። ደም አልነበረውም። ብዙው ተቅማጥ እንክብል አይሻም ብላ፣ በንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠውን ሕይወት አድን ዱቄትና የዚንክ እንክብል ሰጠችን፤ ዚንኩን እስከ መጨረሻው ቀን እንድንሰጠው አጥብቃ ነገረችን።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መሮጥ ጀመረ። እናቴ የቀሩትን እንክብሎች በመዳፏ ይዛ፣ ዕድሜ ያደከመው ጣቷ መቀነቷን እየፈለገ፣ «አሁንማ ዳነ፤ ይህን የት ላኑረው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ አይቀመጥም። ቀኑ እስኪሞላ ይውሰደው» አልኋት።

አንተ ባንክ ቤት የምትሠራ ሰው አይደለህም ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። ከዚያ ውሃ ቀዳችና ልጁን ጠራችው።